ከአያቴ የቀረው ቀይ የሱረት ብልቃጥ፦ በእጅ የተፈለፈለ ነው ወይስ በፎርማ የወጣ?

ጥያቄ፦ ጅማ፣ ሂርማታ
የተከበራችሁ አንባቢያን፣ በሂርማታ ገበያ ጨርቅ ይነግዱ ከነበሩት አያቴ ሳጥን ውስጥ ቁመቱ ከጣት የማይበልጥ ቀይ የቻይና ብልቃጥ አገኘሁ። ክዳኑን ስስበው ከሥሩ የተያያዘች ቀጭን ማንኪያ አብራ ወጣች። ሆዱ ላይ ጥድ ሥር የቆሙ ሽማግሌዎች ተቀርጸውበታል፤ መቀመጫው ላይ ያሉትን አራት ፊደላት ቋንቋውን የሚያውቅ ሰው «በቺየንሎንግ ዘመን የተሠራ» ብሎ አነበበልኝ። አንድ ዘመዴ በጋለ መርፌ ውጋውና እውነተኛነቱን እወቅ ይለኛል። ምን ትመክሩኛላችሁ? በውኃስ ማጠብ ይቻላል?

መልስ፦ የጥንት ዕቃዎች ወዳጅ
እባክዎ መርፌውን ይተዉት። ዕቃው እውነተኛ ከሆነ የማይሽር ጠባሳ ይተዉበታል፤ ከዚያም በላይ እንዲህ ያለ ብልቃጥ የሚቀባበት ላከር (ከዛፍ ፈሳሽ የሚሠራ፣ ሲደርቅ የሚጠነክር ቅብ) ቀይ ቀለሙ ብዙውን ጊዜ ሲናባር ከሚባለው የሜርኩሪ ማዕድን ስለሚገኝ ሲቃጠል የሚወጣው ጢስ መርዝ ነው። በላከሩ ውስጥ ታስሮ እስካለ ድረስ ግን በእጅ መያዙ አያሳስብም።

ላከር የሚገኘው በምሥራቅ እስያ ከሚበቅል ዛፍ ነው። የዛፉ ቅርፊት ሲበጣ የሚፈሰው ፈሳሽ ተጣርቶና ቀለም ገብቶበት በስሱ ይቀባል፤ የሚጠነክረውም በፀሐይ ሳይሆን ሞቅ ባለና እርጥበት ባለው ክፍል ውስጥ ነው። አንዱ ሲጠነክር ሌላው እየተደረበ፣ ለቅርጽ የሚበቃ ውፍረት እስኪያገኝ ድረስ በብዙ ዐሥር የሚቆጠር፣ አንዳንዴም ከመቶ የሚያልፍ ንብርብር ስለሚያስፈልገው ለዚህች ትንሽ ብልቃጥ ወራት ይፈጃሉ። ቢላዋ የሚያርፍበት ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው።

ፊደላቱን ብቻ አይመኑ። የቻይናው ንጉሠ ነገሥት ቺየንሎንግ የገዛው እ.ኤ.አ. ከ1736 እስከ 1795 ነው፤ ስሙ ግን ከእሱ በኋላ በተሠሩ ብዙ ዕቃዎች ላይ ተጽፏል፤ በ20ኛው ክፍለ ዘመንም ከሰው ሠራሽ ሙጫ በፎርማ የወጡ ቀያይ ዕቃዎች በብዛት ለገበያ ቀርበዋል።

መልስ፦ እንጨት ጠራቢ፣ ጅማ
እኔ የማውቀው የጅማን በርጩማ መጥረብ ነው፤ ነገር ግን የስለት ሥራ የትም ይሁን የት ምልክት ይተዋል ብዬ አምናለሁ። በአጉሊ መነጽር የጥዱን ቅጠሎች ጠርዝ ይመልከቱ፤ የተፈለፈለ ከሆነ ጠርዙ ስል ነው፣ ሁለት ቅጠልም ፈጽሞ አንድ ዓይነት አይሆንም። በፎርማ የወጣ ከሆነ ጠርዙ የዶለዶመ ይሆናል፤ በጎኑም ከአንገት እስከ መቀመጫ የሚወርድ የመጋጠሚያ መስመር ሊገኝ ይችላል።

መልስ፦ የጥንት ዕቃዎች ወዳጅ
ትክክል ነው፤ የተሸረፈ ቦታ ካለም ይፈልጉ፤ ንብርብሩ እንደ መጽሐፍ ገጾች ጠርዝ ይታያል። ውኃ አያስነኩት፤ አቧራውን በለስላሳ ብሩሽ ማንሳት ይበቃል። ከመስኮት ፀሐይም ያርቁት፤ ብርሃን ላከርን ያደበዝዘዋል። ቻይናውያን ለሱረት ከሣጥን ይልቅ ብልቃጥን የመረጡት ክዳኑ እርጥበት እንዳይገባ ስለሚከላከል ነው፤ ስለዚህ ክዳኑና ማንኪያው ከብልቃጡ እንዳይለያዩ አደራ።

ጠያቂው፦
ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ዛሬ ጠዋት በአጉሊ መነጽር አየሁት። በጎኑ መጋጠሚያ የለም፤ አንገቱ ላይ በተሸረፈው ቦታም ከፀጉር የቀጠኑ መስመሮች እርስ በርስ ተደራርበው ይታያሉ። ዘመኑን ለሚያውቅ ባለሙያ እስካሳየው ድረስ በንጹሕ ነጠላ ቁራጭ ጠቅልዬ፣ ከክዳኑ ጋር ወደ አያቴ ሳጥን መልሼዋለሁ።