ጁኖ-106፦ አራተኛው ድምፅ ይንኮሻኮሻል፣ ቺፑን ከመንቀሌ በፊት ምክር እፈልጋለሁ

ሰላም ባለሙያዎች፣ ከደሴ ነው። ሮላንድ ጁኖ-106 ሲንተሳይዘሬ (ስድስት ድምፅ በአንዴ የሚያወጣ የኤሌክትሮኒክ ኪቦርድ፣ የ1984 እ.ኤ.አ. ሥሪት) ቁልፍ ሳይነካ ይንኮሻኮሻል። ኪይ ትራንስፖዝን ተጭኖ ማብራት የትኛው ድምፅ እየሠራ እንደሆነ በቁጥር ያሳያል፤ ችግሩ የሚመጣው 4 ሲል ብቻ ነው። +15፣ -15 እና +5 ቮልት ተለክተው ልክ ናቸው።

ሞገዶቹን ሁሉ አጥፍቼ የማጣሪያውን ሬዞናንስ እስከ ጥግ ስከፍተው አምስቱ ጥርት አድርገው ያፏጫሉ፣ የአራተኛው ፉጨት ይቆራረጣል። ስለዚህ የምጠረጥረው 80017ኤን (የእያንዳንዱን ድምፅ ማጣሪያና መጠን የሚይዘውን ቺፕ) ነው። ሞገድ አመንጪው ኤምሲ5534ኤ አንዱ ሁለት ድምፅ ስለሚይዝ፣ ጥፋቱ የእሱ ቢሆን ጥንዱም ሊታመም ይችል ነበር።

የተቸገርኩት እዚህ ላይ ነው፦ ከ4051 (ቮልቴጁን ለየድምፁ ከሚያከፋፍለው ቺፕ) የሚመጣው የመቆጣጠሪያ ቮልቴጅ ራሱ የሚዋዥቅ ቢሆንስ? ኦሲሎስኮፕ የለኝም። በመልቲሜትር ብቻ ከጤነኛው ድምፅ ጋር እያነጻጸሩ መለየት ይቻላል? የትኛው እግር ላይ ልለካ? በከንቱ መንቀል አልፈልግም፤ ያረጀ ቦርድ ላይ ካውያው ትንሽ ከቆየ የመዳብ መስመሩ ተልጦ ይነሳል።

ቺፑ ከሆነ እያረጀ የሚያበላሸውን ጥቁር ሽፋን በአሴቶን ዘፍዝፌ ላነሳው አስቤያለሁ። የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ዘይትና ሽቶ ስላለበት አይሆንም። ንጹሑ ደሴ ወይም ኮምቦልቻ የት ይገኛል? ተተኪ 80017ኤ ያለው ካለም እባካችሁ ጠቁሙኝ።