ለመነሳት የሚያስቸግሩ የቆዩ መኪናዎችን የምንመረምርበት የጋራ አሠራር፦ የዕቅድ ውይይት

ከማኅበሩ ጸሐፊ

የተከበራችሁ አባላት፣ ባለፈው ስብሰባ እንደተስማማነው፣ አልነሳ የሚል የቆየ መኪና ሲያጋጥመን ሁላችንም የምንከተለውን አንድ የምርመራ ቅደም ተከተል ለጠቅላላ ጉባኤው በጋራ እናቀርብ ዘንድ ይህን ውይይት ከፍቻለሁ። ለሐሳቡ መነሻ የሆነው ብዙዎቻችን ችግሩን ሳንለይ ዕቃ መቀየር መጀመራችን ነው። ባትሪ ይቀየራል፣ ካንዴላ (በቤንዚን ሞተር ውስጥ እሳት የሚሰጠው) ይቀየራል፣ ሞተሪኖ (ቁልፍ ሲዞር ሞተሩን የሚያዞረው) ይፈታል፤ መኪናው ግን በማግስቱ ጠዋት እዚያው ችግሩ ላይ ይገኛል። የመጀመሪያው ረቂቅ አጭር ነው፤ በቅድሚያ ባትሪው ይለካል፣ ቀጥሎ ካንዴላው እሳት መስጠቱ ይታያል፣ በመጨረሻም ነዳጅ ወደ ሞተሩ መድረሱ ይረጋገጣል ይላል። የሚጨመረውንና የሚታረመውን እንድትጽፉ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ከአንድ የቤንዚን መኪና ባለቤት

ጸሐፊያችን ለደከሙበት ረቂቅ ምስጋናዬ የላቀ ነው። ሆኖም «ባትሪው ይለካል» የሚለው ብቻውን እንደማይበቃ ከራሴ ገጠመኝ ላስረዳ። መኪናዬ ጠዋት ጠዋት ሞተሪኖው እየከበደው፣ አንድ ዙር ዞሮ እያቃሰተ፣ ከብዙ ሙከራ በኋላ ነበር የሚነሳው። ያሳየሁት ጋራዥ በመጀመሪያ ባትሪውን አስቀየረኝ፤ ሳይሻለው ሲቀር ሞተሪኖውንም አስለወጠኝ። ከዚያም በኋላ ችግሩ እንዳለ ነበር።

በመጨረሻ ቴስተር (የቮልት መለኪያ) ይዤ ራሴ ለካሁት። ባትሪው መኪናው ቆሞ ሲለካ 12.6 ቮልት ያሳያል፤ ይህ ሙሉ ኃይል ያለው ባትሪ ልክ ነው። ልጄ ቁልፉን ሲያዞር ደግሞ እዚያው ባትሪው ራስ ላይ ከ11 ቮልት በላይ ያነብባል። ሞተሪኖው እየተጨነቀ ባትሪው ይህን ያህል ሳይወርድ መቅረቱ ነው ያነቃኝ፤ ደካማ ባትሪ ቢሆን ኖሮ ከ9.6 ቮልት በታች ይወርድ ነበር። ከዚያ የቴስተሩን አንዱን ጫፍ በባትሪው ኔጌቲቭ ራስ ላይ፣ ሌላውን በሞተሩ ብሎክ ንጹሕ ብረት ላይ አድርጌ እንደገና ቁልፉ ሲዞር ሳነብብ፣ ከ0.3 ቮልት መብለጥ ያልነበረበት ንባብ 1.4 ሆኖ አገኘሁት። የማሳውን ገመድ (ከባትሪው ኔጌቲቭ ወደ ሞተሩ ብረት የሚሄደውን) ፈትቼ ላስቲኩን በቢላዋ ስሰነጥቀው በውስጡ ያለው መዳብ አረንጓዴ ዱቄት ሆኖ እጄ ላይ ረገፈ። ከውጭ ሲታይ ግን ምንም እንከን አልነበረበትም። ገመዱን በአዲስ ብቻ ቀየርኩት፤ ከዚያ ወዲህ መኪናው በመጀመሪያው ሙከራ ይነሳል።

ስለዚህ በረቂቁ ውስጥ ባትሪው ቆሞም፣ ሞተሪኖው እየሠራም እንዲለካ፣ በማሳው ገመድና ወደ ሞተሪኖው በሚሄደው ገመድ ላይ የሚጠፋው ቮልትም ማንኛውም ዕቃ ከመገዛቱ በፊት እንዲነበብ በግልጽ ቢጻፍ እላለሁ። በፖዘቲቭ ገመዱ በኩል የሚጠፋው ከ0.5 ቮልት ባይበልጥ ጥሩ ነው።

ከሙያ ኮሚቴው

ወንድማችን የገለጹት ልኬት ትክክለኛ ነው፤ ኮሚቴው ሙሉ በሙሉ ይደግፈዋል። ይሁን እንጂ ከልኬቱም በፊት መምጣት ያለበት ጥያቄ ነው ብለን እናምናለን። «አልነሳም አለ» የሚለው ቃል ሦስት የተለያዩ ነገሮችን ይሸፍናል። ቁልፉ ሲዞር ሞተሩ ጭራሽ ካልዞረ ነገሩ የባትሪ፣ የገመድ፣ የቁልፍ መስመር ወይም የሞተሪኖ ነው። እየከበደው ከዞረ ቀደም ሲል የተጻፈው ልኬት ይመራናል። በደንብ እየዞረ ካልነሳ ግን ሞተሪኖውን መንካት ትርፉ ድካም ነው፤ ፍለጋው ወደ እሳት፣ ወደ ነዳጅ ወይም ወደ ሞተሩ እመቃ (በሲሊንደሮቹ ውስጥ አየሩን ጨምቆ የመያዝ ኃይሉ) ይሄዳል።

ከዚህ ባልተናነሰ መልኩ መጠየቅ ያለበት ችግሩ መቼ እንደሚመጣ ነው። ጠዋት ቀዝቃዛ ሳለ ብቻ የሚያስቸግር የካርቡሬተር (ቤንዚንን ከአየር ጋር የሚቀላቅለው ክፍል ያለው) መኪና ቾኩ፣ ማለትም ለቀዝቃዛ ሞተር አየሩን የሚቀንሰው መዝጊያ፣ በትክክል የማይዘጋ ሊሆን ይችላል። ቀዝቃዛ ሳለ በቀላሉ ተነስቶ፣ ከመንገድ ገብቶ ለሩብ ሰዓት ያህል ቆሞ እምቢ የሚል ከሆነ ደግሞ በሞተሩ ሙቀት የካርቡሬተሩ ቤንዚን ፈልቶ ወደ ሞተሩ እየገባ እያፈነው፣ ወይም ሲሞቅ የሚደክም ኮይል (ለካንዴላው ከፍተኛ ቮልት የሚሰጠው) እያስቸገረው ሊሆን ይችላል። ለብዙ ቀናት ሲቆም ብቻ የሚያስቸግረው በካርቡሬተሩ ውስጥ የነበረው ቤንዚን ስለሚተንና ፓምፑ እንደገና እስኪሞላው ረጅም ጊዜ ስለሚወስድ ነው፤ ወይም መኪናው ጠፍቶ ሳለ አንድ ነገር ባትሪውን እየጨረሰው ነው። በካርቡሬተር ምትክ በኢንጄክሽን (በነዳጅ መርጫ) የሚሠራ ከሆነ ቁልፉን ሞተሪኖው ሳይዞር ሁለት ሦስት ጊዜ ከፍቶ መዝጋትና ከዚያ ማስነሳት ራሱን የቻለ ምርመራ ነው፤ እንዲህ ሲደረግ የሚነሳ ከሆነ በመስመሩ ውስጥ መቆየት የነበረበት የነዳጅ ግፊት እየወረደ መሆኑን ይጠቁማል።

አንድ ምልክት በተለይ እንዲመዘገብ እንፈልጋለን። በአንዳንድ የቆዩ መኪናዎች ላይ ሞተሪኖው እየዞረ ሳለ ሞተሩ ፍንጭ እንኳ ሳይሰጥ ቆይቶ፣ ልክ ቁልፉን ሲለቁት አንዴ ለመነሳት ይሞክራል። በእነዚህ መኪናዎች ላይ ወደ ኮይሉ የሚሄደው ኃይል ሞተሩ ከተነሳ በኋላ ኃይሉን በሚቀንስ ሬዚስተር በኩል ያልፋል፤ በማስነሳት ጊዜ ግን በሌላ ሽቦ በቀጥታ ይደርሳል። ይህ ሽቦ ሲበጠስ ካንዴላው በማስነሳት ጊዜ እሳት ያጣል። ባለቤቱ ቁልፉን ሲለቅ የተሰማውን ባይነግረን ኖሮ ይህንን ለማግኘት ቀን ሙሉ በፈጀብን ነበር።

ከአንዲት አባል

በኮሚቴው ሐሳብ እስማማለሁ፤ ነገር ግን ቴስተር የሌለው አባልም ረቂቁን መጠቀም እንዲችል ቢታሰብ ደስ ይለኛል። የፊት መብራቱን አብርቶ ቁልፉን ማዞር ብዙ ይናገራል። መብራቱ ድርግም ብሎ ሊጠፋ ከደረሰ ባትሪው ደካማ ነው፣ ወይም የባትሪው ራስ ዝጓል አለዚያም ላልቷል። መብራቱ ሳይደክም ሞተሪኖውም ድምፅ ካላሰማ ኃይሉ ሞተሪኖው ጋ አልደረሰም፣ ወይም ሞተሪኖው ራሱ ተበላሽቷል ማለት ነው። ካንዴላውን ፈትቶ ማየትም መሣሪያ አይፈልግም፤ ከብዙ ማዞር በኋላ ደረቅ ከሆነ ነዳጅ አልደረሰም፣ በቤንዚን ከረጠበ ደግሞ ነዳጁ ደርሶ እሳቱ ቀርቷል ወይም ነዳጁ ከመጠን በላይ በዝቷል።

ከአንድ የናፍጣ መኪና ባለቤት

እስከ አሁን የተጻፈው በአብዛኛው የቤንዚን ሞተርን የሚመለከት ስለሆነ ናፍጣ የራሱ ገጽ እንዲኖረው አጥብቄ እጠይቃለሁ። ናፍጣ ሞተር በካንዴላ እሳት ሳይሆን በታመቀ አየር ሙቀት ስለሚነሳ፣ ትንሽ እየከበደው የሚዞር ሞተሪኖ ቤንዚን ሞተርን ቢያስነሳ እንኳ ናፍጣውን ላያስነሳ ይችላል። መጀመሪያ የሚታየው ከጭስ ማውጫው ነው። እየዞረ ነጭ ጭስ ካወጣ ናፍጣው እየደረሰ አልተቃጠለም፤ ስለዚህ አየሩን የሚያሞቁት ካንዴሌታዎች አንድ በአንድ ይለካሉ። ምንም ጭስ ከሌለ ናፍጣው አልደረሰም፤ ብዙ ጊዜ ምክንያቱ በመስመሩ አየር መግባቱ ነው። ከፓምፑ በፊት ብርሃን የሚያሳልፍ አጭር ቱቦ ቢገጠም አረፋው በዓይን ይታያል። አንድ ክልከላም ይጻፍልኝ፤ ካንዴሌታ ባለው ሞተር የአየር ማስገቢያ ላይ ለማስነሻ የሚረጨውን ኤተር መንፋት ሞተሩን ሊሰብር፣ ሰውንም ሊጎዳ ስለሚችል ፈጽሞ መደረግ የለበትም።

ከሌላ አባል

በእመቃ ልኬት ላይ አጭር አስተያየት አለኝ። በቤንዚን ሞተር ከሲሊንደሮቹ አንዱ ዝቅ ብሎ ከተገኘ በዚያው ሲሊንደር ውስጥ ትንሽ የሞተር ዘይት ጨምሮ እንደገና መለካት ይጠቅማል፤ ንባቡ ከፍ ካለ ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት) አልቋል፣ ካልተለወጠ ግን ጥርጣሬው ወደ ቫልቩ ይሄዳል። ይህ ሥራ በባለሙያ ፊት እንዲደረግ፣ ከሌላው ሁሉ በኋላም እንዲሆን እመኛለሁ። ሞተሪኖውን ከ10 እስከ 15 ሰከንድ በላይ ሳያቋርጡ ማዞር እንደሚያቃጥለውም ይታወስ፤ በየመካከሉ ቢያንስ አንድ ደቂቃ ማሳረፍ ያስፈልጋል።

ከማኅበሩ ጸሐፊ

ሁሉንም ሐሳብ አንብቤ ረቂቁን እንደሚከተለው አስተካክያለሁ፤ ቃሉ ላይ ተቃውሞ ያለው እስከ ሳምንቱ መጨረሻ ይጻፍልኝ።

«ለመነሳት የሚያስቸግር መኪና ሲቀርብ ማንኛውም ክፍል ከመፈታቱ ወይም ከመገዛቱ በፊት፣ ሞተሩ እንዴት እንደሚዞር፣ ችግሩ በምን ሁኔታ እንደሚመጣና ቁልፉ ሲለቀቅ ምን እንደሚሰማ ከባለቤቱ ተጠይቆ ይጻፋል። መኪናው ከማርሽ መውጣቱና የእጅ ፍሬኑ መያዙ ከተረጋገጠ በኋላ ባትሪው ቆሞና ሞተሪኖው እየሠራ ይለካል፤ በሁለቱ ወፍራም ገመዶች ላይ የሚጠፋው ቮልት ይመዘገባል። ቴስተር በሌለበት የመብራቱ ምርመራ ይተካዋል። ሞተሩ በደንብ የሚዞር ከሆነ ቤንዚኑ እሳትና ነዳጅ በሚለይበት ገጽ፣ ናፍጣው ጭስና አየር በሚለይበት ገጽ ይታያል፤ የእመቃ ልኬት የመጨረሻው ነው።»

አንድ ያልቋጨነው ነገር አለ። ኮሚቴው በመዝገቡ ላይ የተገኘው መፍትሔ ብቻ ሳይሆን ተሞክሮ ያልሠራውም እንዲጻፍ ይፈልጋል፤ አንዳንድ አባላት ግን ይህ መዝገቡን ያስረዝማል ብለዋል። እኔ በኮሚቴው ሐሳብ አምናለሁ፤ ያለአግባብ የተቀየሩት ባትሪና ሞተሪኖ ካልተጻፉ ያ አረንጓዴ ዱቄት የሆነ ገመድ ምን ያህል እንዳስከፈለ ቀጣዩ አንባቢ ሊያውቅ አይችልም። የናፍጣውን ገጽ ሐሳቡን ያቀረቡት አባል፣ የቤንዚኑን ደግሞ የሙያ ኮሚቴው ቢያዘጋጁ፣ ሁለቱንም ከሚቀጥለው ስብሰባ በፊት እያንዳንዳችን በራሳችን መኪና ላይ ሞክረን ንባባችንን ይዘን እንምጣ።