የሱፐርሂሮ ኮሚክ ሠዓሊ ለመሆን፦ ፖርትፎሊዮው ውስጥ ምን ይግባ? በወር 20 ገጽስ እንዴት ይደረሳል?

እርሳስና ላጲስ፦

ሰላም ለሁላችሁ። የሱፐርሂሮ ኮሚክ እየሣሉ መተዳደር ለሚፈልግ ሰው መንገዱን የምታውቁ እርዱኝ። ፖርትፎሊዮዬ (ለአሳታሚ የማሳየው የሥራዎቼ ስብስብ) አሁን 12 ሥዕል አለው። ሁሉም ጀግናው ብቻውን ቆሞ ወይም ሲበር የሚታይባቸው፣ ሙሉ ቀለም የተቀቡ ናቸው። ለኤዲተር የሚቀርበው እንዲህ ያለ ሥራ ነው? እርሳሱንም፣ ጥቁር ቀለሙንም፣ ከለሩንም ራሴ ማሳየት አለብኝ? በየወሩ የሚወጣ መጽሔት የሚሥሉትስ ቀኑን እንዴት ያብቃቁታል? ውል ሲመጣ ቀድሞ የሚታየው የትኛው አንቀጽ ነው?

ሰባተኛው ፓነል፦

12ቱን ሥዕሎች ለጊዜው ወደ ጎን አድርጋቸው። የሽፋን ሥዕል በአብዛኛው የሚሰጠው ስሙ ለታወቀ ሠዓሊ ነው፤ ለጀማሪ የሚከፈተው በር የውስጥ ገጽ ነው። እዚያ ደግሞ ኤዲተሩ የሚፈትሸው አንባቢው ጽሑፉ ሳይኖር ታሪኩን ከሥዕሉ ብቻ መከተል መቻሉን ነው። አንድ የቆመ ጀግና፣ የቱንም ያህል ቢያምር፣ ይህን አያሳይም።

ከአንድ ታሪክ የተወሰዱ ተከታታይ 4 ወይም 5 ገጾች ሥራ። ሁለቱ ገጾች ውጊያ ይሁኑ። አንዱ ገጽ ተራ ልብስ የለበሱ ሁለት ሰዎች ክፍል ውስጥ ተቀምጠው የሚነጋገሩበት ይሁን። ሌላው መኪና፣ ሕፃን፣ ሽማግሌና ውሻ ያለበት ጎዳና ይሁን። ከሁሉ በላይ የምትለፋበት የንግግሩ ገጽ ነው፤ ጉድለት የሚጋለጠው እዚያ ላይ ነውና። አንድ ሰው በስድስት ፓነል (ገጹ ላይ ባሉት የሥዕል ሳጥኖች) ውስጥ ከፊት፣ ከጎን፣ ከላይ ሲታይ ያው ሰው መምሰል አለበት። እጁ ብርጭቆ ሲይዝ ጣቶቹ በትክክል መታጠፍ አለባቸው፤ ወንበሩም ከወለሉ ጋር በአንድ ፐርስፔክቲቭ መግጠም አለበት። እግርን በጭስ፣ ከበስተጀርባ ያለውን ደግሞ በፍጥነት መስመር የሚሸፍን ሠዓሊ ወዲያው ይታወቃል።

ብዙ ጊዜ የሚበላሹትን ልንገርህ። አንደኛው የንግግር ባሉን፣ ማለትም ንግግሩ የሚጻፍበት ክብ፣ የሚያርፍበት ቦታ ነው። የፓነሉን የላይኛውን ሲሶ ያህል ለጽሑፍ ባዶ ካልተውክ ባሉኑ ፊት ላይ ያርፋል። በስክሪፕቱ ቀድሞ የሚናገረው ሰው በግራ ይቁም፤ በቀኝ ካቆምከው የባሉኖቹ ጭራዎች ይጠላለፋሉ። ሌላው በሁለቱ ሰዎች መካከል የሚታሰበው መስመር ነው። ካሜራህ፣ ማለትም ትዕይንቱን የምታሳይበት አቅጣጫ፣ ያንን መስመር ዘሎ ወደ ማዶ ከተሻገረ በግራ የነበረው ሰው በድንገት በቀኝ ይገኛል፤ ውጊያ ላይ ደግሞ ማን ማንን እንደመታ ይጠፋል። መሻገር ካለብህ መሸጋገሪያ የሚሆን አንድ ፓነል፣ ለምሳሌ ከላይ ወደ ታች የሚያይ፣ በመሀል አስገባ። ከዚያ ደግሞ የገጽ አቀማመጥ አለ። በእንግሊዝኛ ኮሚክ ጎዶሎ ቁጥር ያላቸው ገጾች በቀኝ፣ ሙሉ ቁጥር ያላቸው በግራ ይውላሉ። ስለዚህ አንባቢን የሚያስደነግጠው ነገር ገጽ ሲገለጥ እንዲታይ ሙሉ ቁጥር ባለው ገጽ ላይ ይሁን። የሁለት ገጽ ሥዕልም 2 እና 3 ላይ እንጂ 3 እና 4 ላይ አይሆንም፤ 3 እና 4 የአንድ ወረቀት ፊትና ጀርባ ናቸው። ማስታወቂያ በመሀል ሲገባ ቁጥሩ ስለሚዛባ ኤዲተሩን ቀድሞ መጠየቅ ይሻላል።

ወደ ቀኑ ልምጣ። አሁን የተለመደው የወርኃዊ መጽሔት ታሪክ 20 ገጽ ነው፤ በወሩ ውስጥ ያለው የሥራ ቀን ደግሞ ከ20 እስከ 22። በቀን አንድ ገጽ ይመስላል፤ ግን ስክሪፕት ማንበብና ማርቀቅ 2 ወይም 3 ቀን፣ እርማት ደግሞ 2 ቀን ይወስዳል። የሚቀሩህ 16 ቀን ገደማ ናቸው። መላው ይህ ነው፦ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት 20ውንም ገጽ 2 በ3 ኢንች በሆነች ሳጥን ውስጥ ንደፍና ለኤዲተሩ ላክ። በዚያች ንድፍ ላይ አንድ ፓነል መቀየር አምስት ደቂቃ ነው፤ በተጠናቀቀ ገጽ ላይ ግን ግማሽ ቀን ይበላል። ከዚያ ገጾቹን በክብደታቸው ለያቸው። ሕዝብ የሞላበት የሁለት ገጽ ሥዕል ሁለት ወይም ሦስት ቀን ይሰጠው፤ አራት ፓነል ያላቸው የንግግር ገጾች በቀን ሁለት ሊያልቁ ይችላሉ። በቅደም ተከተል ብቻ አትሣል። ሠዓሊ በወሩ መጨረሻ ይደክማል፤ የታሪኩ ትልቁ ውጊያም እዚያው መጨረሻ ላይ ነው፤ ስለዚህ የመጨረሻዎቹን ሦስት ገጾች ወሩ አጋማሽ ላይ ሣላቸው። አምስት አምስት ገጽ እያደረግህም አስረክብ። የማተሚያ ቤቱ ቀን አይንቀሳቀስም፤ አንተ ያዘገየኸው ቀን የሚቆረጠው እርሳሱን በጥቁር ቀለም ከሚጨርሰው ኢንከርና ቀለም ከሚቀባው ከለሪስት ነው። በኤዲተሮች ዘንድ ስም የሚጠፋው በደካማ ሥዕል ብቻ ሳይሆን በዚህም ነው።

ባለብሩሽ፦

ከላይ በተባለው እስማማለሁ፤ እኔ የሥራ ክፍፍሉን ልጨምር። ሁሉንም ማሳየት ግዴታ አይደለም። አንዱ በእርሳስ ይሥላል፣ ኢንከሩ በጥቁር ቀለም ይጨርሳል፣ ከለሪስቱ ይቀባል፣ ሌተረሩ ጽሑፉን ያስገባል። እርሳስህ ጠንካራ ሆኖ ከለርህ ደካማ ከሆነ ከለሩን አታሳይ፤ ደካማ ከለር ጥሩውንም መስመር ይዞት ይወርዳል። ኢንከር መሆን የሚፈልግ ሰው ግን የሌላ ሠዓሊን የእርሳስ ገጽ ቅጂና ራሱ በቀለም የሠራውን ጎን ለጎን ያቅርብ። ምን ጨመረ፣ ምን አበላሸ የሚለው የሚለየው በዚህ ነው።

መለኪያውን በሚገባ ያዝ። የተለመደው ወረቀት 11 በ17 ኢንች ብሪስቶል (ወፍራም የሥዕል ወረቀት) ሲሆን፣ ፊት፣ እጅና ጽሑፍ ሁሉ 10 በ15 ኢንች ባለው የውስጥ ሳጥን ውስጥ መቅረት አለባቸው፤ ከዚያ ውጪ ያለው ማተሚያ ቤት ሊቆርጠው ይችላል። የታተመው ገጽ ከዋናው ሁለት ሦስተኛ ያህል ነው። ጀማሪዎች የሚረሱት ይህንን ነው፤ ጠረጴዛ ላይ የሚያምር ጥቅጥቅ ያለ የመስመር ጥላ ሲያንስ ተዋህዶ ጥቁር ነጠብጣብ ይሆናል፣ በጣም የቀጠነውም መስመር ይበጣጠሳል። ከፊት ላለው ወፍራም፣ ከሩቅ ላለው ቀጭን መስመር ስጥ። ሁሉም መስመር እኩል ሲወፍር ጀግናው ከኋላው ካለው ሕንፃ አይለይም።

ስካን ሲደረግ 600 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 600 ነጥብ) ይሁን። በሰማያዊ እርሳስ ነድፈህ በላዩ ላይ በጥቁር ከጨረስክ በከለር ስካን አድርግና በሥዕል ማረሚያ ፕሮግራም የሰማያዊውን ቻነል (የቀለም ንብርብር) ብቻ አስቀር፤ ንድፉ ይጠፋል፣ ጥቁሩ ይቀራል። ጥቁርና ነጭ ብቻ እንዲሆን ስትለውጠው የትሬሾልዱን ቁጥር (የትኛው ግራጫ ጥቁር፣ የትኛው ነጭ እንደሚሆን የሚለየውን) ከልክ በላይ ካሳደግኸው ጠባብ ክፍተቶች ይደፈናሉ፤ ከልክ በላይ ካወረድከው ቀጫጭን መስመሮች ይቆረጣሉ። ፋይሉን በቲፍ ላክ። ጄፔግ በመስመሩ ዙሪያ ግራጫ ቆሻሻ ስለሚተው ከለሪስቱ በአንድ ጠቅታ ቦታ መሙላት ያቅተዋል።

ውል አንባቢ፦

የውሉን ጥያቄ ልመልስ። መጀመሪያ ፈልግ የምልህ ሥራው "ለቅጥር የተሠራ" መሆን አለመሆኑን የሚናገረውን አንቀጽ ነው። ከሆነ በአሜሪካ ሕግ ደራሲ ተብሎ የሚቆጠረው አሳታሚው እንጂ አንተ አይደለህም። እ.ኤ.አ. በ1976 ወጥቶ በ1978 ሥራ ላይ የዋለው የቅጂ መብት ሕግ፣ ፍሪላንስ ሠዓሊ እንዲህ ያለ ሥራ የሚሠራው በጽሑፍ ሰፍሮ ሁለቱም ወገኖች የፈረሙበት ስምምነት ሲኖር ነው ይላል። መብቱን በዝውውር ብቻ የሰጠ ደራሲ ከ35 ዓመት በኋላ ሊያስመልስ የሚችልበት መንገድ አለ፤ ለቅጥር ለተሠራ ሥራ ግን ይህ አይሠራም። የትልልቆቹ አሳታሚዎች ገጸ ባሕርያት የሚሣሉት ደግሞ በዚሁ ዓይነት ውል ነው።

ይህ ቀላል ነገር አይደለም። የሱፐርማን ፈጣሪዎች ጄሪ ሲግልና ጆ ሹስተር እ.ኤ.አ. በ1938 ጀግናውን የሸጡት በ130 ዶላር ነበር። በ1975 በየዓመቱ 20,000 ዶላር ጡረታ እንዲያገኙና ስማቸው እንዲጠቀስ የተደረገላቸው ከረጅም ክርክርና ከሕዝብ ጫና በኋላ ነው። ብዙ የማርቭል ጀግኖችን በመፍጠር የተሳተፈው ሠዓሊ ጃክ ከርቢም የሣላቸውን ዋና ገጾች ለማስመለስ ለዓመታት ታግሏል። በ1992 ስመ ጥር ሠዓሊዎች ተነሥተው ኢሜጅ ኮሚክስ የተባለውን አሳታሚ ሲያቋቁሙ ዋናው ነገር ፈጣሪው የፈጠረውን ራሱ እንዲይዝ ነበር። ስለዚህ ለራስህ የምታስበውን አዲስ ጀግና በቅጥር ሥራ ውስጥ አትጨምረው፤ ለብቻው አስቀምጠው።

ከዚያ ቀጥሎ የገጽ ክፍያ መቼ እንደሚከፈል (ሲረከቡ ነው ወይስ ሲታተም)፣ ሥራው ከተሰረዘ የተሣሉት ገጾች ይከፈሉ እንደሆነ፣ እርማት ስንት ጊዜ እንደሚጠየቅ፣ በስብስብ መጽሐፍ ሲታተም ሮያልቲ (ከሽያጩ የሚታሰብ ድርሻ) መኖሩንና ዋናው ወረቀት ለማን እንደሚመለስ ተመልከት። የመጨረሻውን አትናቀው፤ የታዋቂ ጀግና ገጽ ለሰብሳቢ ሲሸጥ ከገጹ ክፍያ የሚበልጥበት ጊዜ አለ። ገጾቹ በተለምዶ በእርሳስ በሣለውና በኢንከሩ መካከል ይከፋፈላሉ፣ ትልቁ ድርሻ የእርሳሱ ነው።

እርሳስና ላጲስ፦

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። አንድ ነገር ብቻ፦ በታብሌት የሚሥል ሰው ከዚህ ውስጥ የሚቀርበት ምንድን ነው? መስመሩ ሲያንስ እንደማይደፈንስ በምን ያረጋግጣል?

ባለብሩሽ፦

የሚቀርበት የሚሸጥ ወረቀት ነው። ለዚህ ሲሉ በታብሌት የሚነድፉ ብዙዎች ንድፉን በቀላል ሰማያዊ ቀለም ብሪስቶል ወረቀት ላይ አትመው በእጅ በጥቁር ቀለም ይጨርሱታል። ግን ኢንከሩ ሌላ ሰው ሆኖ ፋይልህን እንዲህ አትሞ ከሠራው ጥቁር ቀለም ያለበት ወረቀት በእርሱ እጅ ነው፤ ማን እንደሚወስደው አስቀድማችሁ ተስማሙ።

ለመስመሩ ደግሞ አንድ ገጽ 67 በመቶ አሳንሰህ በተራ ማተሚያ አውጣና በክንድህ ርቀት ያዘው። በታብሌት ላይ እያጎላህ ስትሠራ ከሚገባው በላይ ጥቃቅን መስመር ትጨምራለህ፤ ወረቀቱ ላይ የማይታየውን ሁሉ አጥፋው። ይህን በመጀመሪያው ገጽ አድርገው እንጂ አስረኛው ላይ ስትደርስ አይደለም፤ ያኔ ዘጠኙን እንደገና ማረም ይሆናል።