ጥናትህን ተወው ተባልኩ፣ ምን ላድርግ?

የሳቢያን ልጅ
ሰላም የድሬ ልጆች። መምህር ነኝ፣ የት እንደማስተምር ይለፈኝ። የከተማችን የጉድጓድ ውኃ ውስጥ ስላለው ናይትሬት፣ ከፍሳሽም ስለሚመጣው ኬሚካል፣ እያጠናሁ ነው። ድሬ የምትጠጣው ከመሬት ሥር የሚወጣ ውኃ ነው፣ የሽንት ቤት ፍሳሽ ደግሞ ወደዚያው ይሰርጋል። የዓለም ጤና ድርጅት በሊትር ከ50 ሚሊግራም እንዳይበልጥ ይመክራል፤ በተለይ በጡጦ ለሚያድጉ ሕፃናት አደገኛ ነው። ውጤቱን ሴሚናር ላይ ካቀረብኩ በኋላ የማላውቀው ሰው ደውሎ «አርፈህ ተቀመጥ፣ ልጆች አሉህ» አለኝ። በማግስቱ አለቃዬ «ለጊዜው ያዝ አድርገው» አለኝ፣ በቃል ብቻ። ናሙና የሰበሰቡልኝ ሁለት ተማሪዎች ፈርተዋል። መተው አልፈልግም፣ ግን በእኔ ጦስ ሰው እንዳይጎዳ እሰጋለሁ።

ከዚራ
አይዞህ ወንድሜ። መጀመሪያ ተማሪዎቹን አስብ። የእነሱንም የጉድጓድ ባለቤቶቹንም ስምና ስልክ ከዳታው አውጥተህ በኮድ ተካው፣ ዝርዝሩን ለብቻው አስቀምጥ። ጥሬ ዳታው ላፕቶፕህ ላይ ብቻ አይቅር። የተደወለበትን ቀንና ሰዓት፣ የተባልከውንም ቃል በቃል ዛሬውኑ ጻፈው፤ ከሰነበተ ይጠፋሃል። ለአለቃህ ደግሞ «በቃል ያሉኝን ከነምክንያቱ በጽሑፍ ይስጡኝ» ብለህ ደብዳቤ በመዝገብ ቤት አስገባ። በቃል የሚያዝ ሰው ፈርም ሲባል ብዙ ጊዜ ይለሳለሳል፣ በዓይኔ አይቻለሁ።

ጡረተኛው መምህር
ሕጉ ካንተ ጋር ነው ልጄ። የከፍተኛ ትምህርት አዋጅ 1152/2011 ለአካዳሚክ ነፃነት ዋስትና ይሰጣል። ግን ወረቀት ብቻውን ሰው ሲያድን አላየሁም። በ1985 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከ40 የሚበልጡ መምህራን፣ ፕሮፌሰር አሥራት ወልደየስን ጨምሮ፣ በአንዴ ሲባረሩ እኔ እዚህ ምሥራቅ አስተምር ነበር፤ አብረውኝ ከሚሠሩት ጋር ሻይ እየጠጣን በሹክሹክታ አወራን እንጂ አንድ መስመር እንኳ ጽፈን አልላክንም፣ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ቢሮ ብቻህን አትግባ። የሥራ ባልደረቦችህን አስፈርም፣ ጉዳዩም ለሴኔቱ ይድረስ።

የጀጎል ልጅ
ስልኩን ለፖሊስ አመልክት፣ ማስፈራራት በወንጀል ሕጋችን ያስጠይቃል። ለሰብአዊ መብቶች ኮሚሽንም ጻፍ። ነገሩ ከከፋ በ1999 እ.ኤ.አ. የተመሠረተ ስኮላርስ አት ሪስክ የሚባል ድርጅት አለ፤ ለተዛተባቸው ምሁራን ሌላ አገር ጊዜያዊ የሥራ ቦታ ያፈላልጋል።

የሳቢያን ልጅ
ጋሼ፣ የጻፉትን ደጋግሜ አነበብኩት። ደብዳቤው ተጽፏል፣ ነገ ጠዋት ከሦስት ባልደረቦቼ ጋር ሆነን እናስገባለን። ለተማሪዎቹም ስማችሁን ከዳታው አውጥቻለሁ አልኳቸው። አንዷ ግን ጥናቱ ሲታተም ስሜ ይኑርበት አለች፣ ምን እንደምላት ገና አላወቅኩም።