ኢኮኖሚክስ ልግባ ወይስ አካውንቲንግ? እባካችሁ ምከሩኝ

ሰላም ወገኖች። ደብረ ብርሃን የምማር የአንደኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። ዲፓርትመንት የምንመርጥበት ጊዜ ደርሷል፤ እኔ ግን መወሰን አቅቶኛል።

ልቤ ያለው ኢኮኖሚክስ ላይ ነው። ያደግኩት መንዝ፣ ገበሬ ቤት ነው። ምርት ሲሰበሰብ ሁሉም ገብሱን ይዞ ገበያ ይወጣል፤ ዋጋው ይወርዳል። ክረምት ሲገባ ጎተራው ይጎድላል፤ ዋጋው ይንራል። አባቴ በርካሽ የሸጠውን እህል በውድ ሲገዛ እያየሁ ነው ያደግኩት። ይህ ነገር ለምን እንደሚሆን፣ ምን ቢደረግ እንደሚሻል በደንብ ማወቅ እፈልጋለሁ።

አባቴ ግን «አካውንቲንግ ተማር፣ ሥራ ቶሎ ታገኛለህ» ይለኛል። ስለኔ አስቦ ነው፣ አልፈርድበትም። ኢኮኖሚክስ የተማረም ባንክ፣ ፕላን ቢሮ፣ ገቢዎች፣ ስታቲስቲክስ አገልግሎት ሊገባ እንደሚችል ነግሬዋለሁ። አላመነኝም።

ኢኮኖሚክስ የተመረቃችሁ፣ የመጀመሪያ ሥራችሁ ምን ነበር? ስንት ጊዜ ጠበቃችሁ? ሒሳቤ መካከለኛ ነው፤ ኢኮኖሜትሪክስ (የኢኮኖሚ መረጃን በስታቲስቲክስ የሚተነትነው ኮርስ) ይከብደኝ ይሆን? ኤክሴልና ስታታ የሚባለውን የመረጃ መተንተኛ ሶፍትዌር ከአሁኑ ብጀምርስ? በ2015 ዓ.ም. ለተጀመረው የመውጫ ፈተና እንዴት እንደተዘጋጃችሁም ንገሩኝ። መልሳችሁን ለአባቴ አነብለታለሁ።