ክሎን ሲደረግ የሚፈጠሩት የዲስክ ፋይሎች፦ የትኛው ራሱን ችሎ ይቆማል?

ጥያቄ

በቪኤምዌር ወርክስቴሽን ባለ 20 ጊጋባይት ዲስክ ያለው የሊነክስ ቨርቹዋል ማሽን (በኮምፒውተሬ ውስጥ በሶፍትዌር የሚሠራ ሌላ ኮምፒውተር) አዘጋጅቼ፣ ከእሱ በተለያየ ቀን ሁለት ክሎኖች፣ ማለትም ቅጂዎች፣ አውጥቻለሁ። በየትኛው ቀን የትኛውን አማራጭ እንደመረጥኩ ግን አላስታውስም። ዛሬ የሆስቱ (ማሽኖቹን የያዘው እውነተኛው ኮምፒውተር) ዲስክ ሊሞላ ስለተቃረበ ፎልደሮቹን ከፍቼ ስመለከት ግራ ተጋባሁ። የመጀመሪያው ክሎን 9 ጊጋባይት ሲይዝ ሁለተኛው የያዘው 700 ሜጋባይት ብቻ ነው፤ ሆኖም ሁለቱም ያለ ችግር ይነሳሉ፣ ሁለቱም ባለ 20 ጊጋባይት ዲስክ እንዳላቸው ያሳያሉ። በየፎልደሩ ከኤስ001 እስከ ኤስ006 የሚል ቅጥያ ያላቸው ስድስት ፋይሎች እና ከ2 ኪሎባይት የማይበልጥ አንድ ትንሽ ፋይል አለ። በዋናው ማሽን ፎልደር ውስጥ ደግሞ እኔ ያልፈጠርኳቸው፣ 000001 የሚል ቁጥር ያለባቸው ፋይሎች ተጨምረዋል። ዋናውን ማሽን ከእንግዲህ አልፈልገውም። ብሰርዘው ክሎኖቹ መሥራታቸውን ይቀጥላሉ?

አንደኛ መልስ

እባክዎ ለጊዜው ምንም ነገር አይሰርዙ። ከገለጻዎ እንደምረዳው አንደኛው ፉል ክሎን (ራሱን የቻለ ሙሉ ቅጂ)፣ ሌላኛው ሊንክድ ክሎን (ለውጡን ብቻ ይዞ የቀረውን ከዋናው ዲስክ የሚያነብ ቅጂ) ሳይሆን አይቀርም፤ ነገር ግን መጠኑንም ሆነ ስሙን አይተው አይፍረዱ። ሊንክድ ክሎን ብዙ ከተሠራበት ቀስ በቀስ የዋናውን ያህል ሊያብጥ ስለሚችል፣ መጠን አስተማማኝ ምልክት አይደለም።

ማስረጃው ያለው ያ ትንሽ ፋይል ውስጥ ነው። እሱ ገላጭ ፋይል ይባላል፤ ተራ ጽሑፍ ስለሆነ በማንኛውም ቴክስት ኤዲተር ይከፈታል። ማሽኑን ካጠፉ በኋላ ይክፈቱትና ሳይነኩ ያንብቡት። ከላይ ሲአይዲ የሚል መስመር አለ፤ ይህ የዲስኩ የራሱ መለያ ነው። ከሥሩ ያለው ፓረንት ሲአይዲ ደግሞ የወላጁ፣ ማለትም ዲስኩ የተመሠረተበት የሌላ ዲስክ፣ መለያ ነው። በዚያ ቦታ ኤፍ የሚለው ፊደል ስምንት ጊዜ ተደጋግሞ ካገኙት ዲስኩ ወላጅ የለውም፣ ራሱን ችሎ ይቆማል። ሌላ ቁጥር ካለበት ግን ወላጅ አለው፤ የወላጁ ፋይል የሚገኝበትም ቦታ ፓረንት ፋይል ኔም ሂንት በሚለው መስመር ላይ ተጽፏል።

ስድስቱ ፋይሎች የአንድ ዲስክ ቁርጥራጮች ናቸው። በገላጩ ውስጥ ከእያንዳንዳቸው ስም ፊት ለፊት 8323072 የሚል ቁጥር ያያሉ፤ ይህ የሴክተር ብዛት ሲሆን እያንዳንዱ ሴክተር 512 ባይት ስለሆነ 4064 ሜጋባይት ይሆናል። አምስቱ እንዲህ ከሞሉ በኋላ ለስድስተኛው የሚተርፈው 160 ሜጋባይት ነው። ይህ ግን ጣሪያው እንጂ አሁን በሆስቱ ላይ የያዙት ቦታ አይደለም፤ ፋይሎቹ የሚያድጉት በውስጣቸው ሲጻፍባቸው ነው። የቆዩት የፕሮግራሙ እትሞች በ2 ጊጋባይት ይቆርጡ ስለነበር የቁርጥራጩ ብዛት ከሰው ሰው ይለያያል።

ያላወቋቸው የ000001 ፋይሎች የመጡበት ምክንያት ይህ ነው። ሊንክድ ክሎን የሚወጣው ከስናፕሾት፣ ማለትም ማሽኑ በአንድ ቅጽበት የነበረበትን ሁኔታ ከሚያስቀምጥ ምልክት፣ ነው። ስናፕሾቱ ሲወሰድ የዋናው ማሽን የቀድሞ ዲስክ መጻፍ ይቆምበታል፤ ከዚያ ወዲህ ዋናው ማሽን የሚጽፈው በ000001 ላይ፣ ክሎኑም የሚጽፈው በራሱ ፎልደር ባሉት ፋይሎች ላይ ይሆናል። ክሎኑ አንድ ነገር ሊያነብ ሲፈልግ መጀመሪያ የራሱን ፋይል ያያል፣ እዚያ ካጣው ከቀድሞው ዲስክ ያነባል። ስለዚህ ዋናውን ማሽን ማስነሳት ክሎኑን አይጎዳም፤ ስናፕሾቱን ወይም የቀድሞውን ዲስክ መሰረዝ ግን ያጠፋዋል።

ሁለተኛ መልስ

ከላይ በተሰጠው ማብራሪያ ላይ ከራሴ የደረሰብኝን ልጨምር። አንድ ጊዜ ከወላጁ ዲስክ አንድ ፋይል ለማውጣት ፈልጌ የቀድሞውን ዲስክ በቀጥታ ከሌላ ቨርቹዋል ማሽን ጋር አያያዝኩት። የሰረዝኩት ነገር አልነበረም፤ ነገር ግን ያ ማሽን ዲስኩን ሲከፍት ጥቂት ነገር ስለጻፈበት የወላጁ ሲአይዲ ተለወጠ። በማግስቱ ሊንክድ ክሎኑን ላስነሳ ስል ልጁ (በወላጁ ላይ የተመሠረተው ዲስክ) ከተፈጠረ በኋላ ወላጁ ዲስክ ተለውጧል የሚል መልእክት ሰጥቶ እምቢ አለኝ። መለያውን በእጄ አስተካክዬ አስነሳሁት፤ ተነሣም፤ ሆኖም ፋይል ሲስተሙ ተበላሽቶ ስለነበር የሁለት ሳምንት ሥራዬን ከፊሉን ብቻ ነው ያተረፍኩት። ያ መልእክት ዕንቅፋት ሳይሆን ጥበቃ መሆኑን የተረዳሁት ያኔ ነው። ቁጥሮቹን ማመሳሰል የተለወጠውን መረጃ ወደ ቦታው አይመልሰውም።

ሦስተኛ መልስ

ሊንክድ ክሎኑን ከወላጁ ለማላቀቅ፣ ከእሱው ላይ ፉል ክሎን ያውጡ። ፕሮግራሙ ሙሉውን ሰንሰለት፣ ማለትም የልጁንና የወላጁን ዲስክ፣ እያነበበ በአንድ አዲስ ዲስክ ላይ ያዋህደዋል። ሆስትዎ ሊሞላ ስለተቃረበ አዲሱን ቅጂ በውጫዊ ዲስክ ላይ ቢያስቀምጡ ይሻላል፤ 700 ሜጋባይት የነበረው ወላጁ የያዘውንም ስለሚጨምር ወደ ሌላው ክሎን መጠን ይጠጋል።

በጌስቱ (በቨርቹዋል ማሽኑ) ውስጥ ፋይሎችን በመሰረዝ ቦታ አገኛለሁ ብለው ግን አይጠብቁ። መሰረዝ ራሱ በዲስኩ ላይ የሚጻፍ ነገር ስለሆነ የልጁን ፋይል ሊያሳድገው ይችላል እንጂ በራሱ አያሳንሰውም።

ቨርቹዋልቦክስ የተባለውን ተመሳሳይ ፕሮግራም ለሚጠቀሙም መሠረቱ ተመሳሳይ ነው፤ እዚያ የልጁ ዲስክ ስናፕሾትስ በሚባል ፎልደር ውስጥ በረጅም መለያ ቁጥር ተሰይሞ ይቀመጣል። ዲስኩን እንደ ተራ ፋይል ኮፒ ካደረጉት ግን መለያ ቁጥሩም አብሮ ስለሚገለበጥ ፕሮግራሙ ሁለተኛውን አልመዘግብም ይላል። ስለዚህ በራሱ በፕሮግራሙ ክሎን ማድረግ ይገባል።

ጠያቂው

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ሦስቱንም ገላጭ ፋይሎች አነበብኩ። ባለ 9 ጊጋባይቱ ስምንቱ ኤፍ አለው፤ ባለ 700 ሜጋባይቱ ግን የዋናውን ማሽን የቀድሞ ዲስክ በስሙ ይጠራል። በውጫዊ ዲስክ ላይ ፉል ክሎን አወጣሁለት፤ አዲሱ ገላጭ ፋይልም አሁን ስምንቱን ኤፍ ያሳያል። ዋናውን ወዲያው ከመሰረዝ ይልቅ መጀመሪያ የፎልደሩን ስም ቀይሬ ማሽኖቹን አስነሣሁ። አዲሱ ቅጂና ባለ 9 ጊጋባይቱ ተነሡ፤ አሮጌው ሊንክድ ክሎን ግን የወላጁን ፋይል አጥቶ ቆመ። አሁን የምሰርዘው ዋናውን ማሽንና እሱን ብቻ ነው።