ሚኒባስ ሲጋርድ የካልማን ማጣሪያው ይስታል፤ የስህተቱን መጠን እንዴት ላስተካክል?

ሰላም ለሁላችሁ። ለገሃር አካባቢ፣ 40 በ25 ሜትር በሆነ የመኪና ማቆሚያ ግቢ ውስጥ የሚንቀሳቀስ ጋሪ በሬዲዮ ሞገድ እየተከታተልኩ ነው፤ ቦታውን የሚገምተው የካልማን ማጣሪያ (ትንበያውን ከአዲስ ልኬት ጋር እያመዛዘነ የሚያስተካክል ስሌት) ነው። በአራቱ ማዕዘን የተሰቀሉት ጣቢያዎች በሰከንድ 10 ጊዜ ከሞገዱ የጉዞ ጊዜ ርቀት ያሰላሉ (የ1 ናኖሰከንድ ስህተት 30 ሳንቲ ሜትር ነው)።

ምንም ካልጋረደ መዛነፉ 10 ሳንቲ ሜትር ገደማ ስለሆነ ቫሪያንሱን (የመዛነፉን ካሬ፤ ሲያድግ ማጣሪያው ልኬቱን ያነሰ ያምናል) 0.01 ሜትር ካሬ አድርጌዋለሁ። ሚኒባስ መሀል ሲገባ ግን ቀጥታው ሞገድ ይታገድና ከቆርቆሮ አጥሩ ነጥሮ የመጣው ይለካል። ርቀቱ ሁልጊዜ ይረዝማል እንጂ አያጥርም። የአንድ ቅጽበት ልዩነቶች (በየጣቢያው የተለካው ርቀት ማጣሪያው ከተነበየው ሲቀነስለት) በሜትር፦ 0.08፣ -0.05፣ 1.42፣ 0.11። ማጣሪያው ሦስተኛውን አምኖ ጋሪውን ከአጥሩ ውጭ ያወጣዋል።

ቫሪያንሱን ከመጨረሻዎቹ 20 ልዩነቶች እየገመትኩ ሞከርኩ፤ 2 ሰከንድ ይዘገያል። ይባስ ብሎ ጋሪው በድንገት ሲታጠፍም ልዩነቱ ስለሚያድግ፣ መታጠፉን እንደ ልኬት ስህተት ቆጥሮ ቀጥ ብሎ ይነጉዳል። ከሦስት ሲግማ (ከመደበኛው መዛነፍ ሦስት እጥፍ) በላይ ያለውን ስጥልም ያው ነው፤ ከመታጠፊያው በኋላ ትክክለኛዎቹም አብረው ይጣላሉ።

አሁን ለየጣቢያው የራሱን ቫሪያንስ ሰጥቼ፣ አንዱ ብቻ በፖዘቲቭ ሲያፈነግጥ ግርዶሽ፣ ሁሉም አብረው ሲለወጡ መታጠፍ ነው ልል አስቤያለሁ። ሁለት ጣቢያዎች አንድ ላይ ሲጋረዱስ? የቀሩት ሁለት ርቀቶች ለሁለት መጋጠሚያዎች ብቻ ስለሚበቁ ማመሳከሪያ የለኝም። የመጀመሪያውን ሞገድ ጉልበት ከጠቅላላው ጋር አነጻጽሮ፣ ልዩነቱ ከ10 ዴሲቤል ሲበልጥ ቫሪያንሱን ማሳደግ ይሻላል ወይስ የስቱደንት ቲ ስርጭት (አልፎ አልፎ ትልልቅ ስህተት እንደሚመጣ የሚቆጥር የስህተት ስርጭት) መጠቀም? የሠራችሁበት ካላችሁ እባካችሁ የተጠቀማችሁበትን ቁጥር ጭምር ንገሩኝ።